የሐለብ ወንዝና ድንጋይ አቅፎ የሚኖረው ዓሣ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የዛሬው ጉዟችን ወደ ሻም ምድር፣ ወደ ሐለብ ከተማ ነው። አውሮፓውያን አሌፖ የሚሏት ይህች ከተማ ሰው ሳይለያቸው ለሺህ ዓመታት ከኖሩት የዓለም ጥንታዊ ከተሞች አንዷ ናት። ስለ ሐለብ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወሳው በኮረብታ ላይ የታነጸው ምሽጓ፣ ጣራ የለበሰው ረጅም ገበያዋ፣ ከወይራ ዘይት የሚሠራው ሳሙናዋና ፍስጥቋ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከሁሉ በላይ የተወራው ጦርነቷ ነው።

እኛ ግን ዛሬ ወደ ሐለብ የምንገባው ከታወቁት በሮቿ በአንዱ አይደለም። በወንዟ በኩል እንገባለን። መንገድ መሪያችንም ነጋዴ ወይም ዓሊም ሳይሆን፣ በድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ ከአንድ ስንዝር እምብዛም የማይበልጥ ትንሽ ዓሣ ነው። ይህ ዓሣ በሳይንስ ዓለም የሚጠራበትን ስም ያገኘው ከዚሁ ወንዝ ነው። ወንዙ በኋላ ደረቀ፤ ስሙ ግን በዓሣው ላይ ቀረ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? እኛንስ ምን ያገባናል? እስኪ ከምንጩ ተነሥተን ቀስ ብለን እንመልከት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሂጅራ ካልተባለ በስተቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጌታው ያስታጠቀው ፍጡር

አምባዛን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ሰፊ ጭንቅላቱን፣ ረጃጅም ጢሞቹንና ቅርፊት የሌለውን ለስላሳ ቆዳውን በዝዋይ፣ በሐዋሳ ወይም በጣና ዳር ያየ ሰው አይረሳውም። አምባዛ ረጋ ባለና በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ጭምር መኖር የሚችል ዓሣ ነው። የሐለቡ ዓሣም ከዚሁ ጢማም ወገን ይመደባል፤ ኑሮው ግን የአምባዛ ተቃራኒ ነው። እርሱ የሚፈልገው ከተራራና ከኮረብታ እየተንደረደረ የሚወርድ፣ በድንጋይ መካከል አረፋ እየደፈቀ የሚያልፍ፣ ጥርት ያለ ውሃ ነው።

ተመራማሪዎች የዚህን ዓሣ ነገድ ግሊፕቶቶራክስ ይሉታል፤ በግሪክኛ «የተቀረጸ ደረት» እንደ ማለት ነው። ነገዱ ከቱርክና ከሻም ተነሥቶ በኢራንና በሕንድ በኩል እስከ ቻይናና እስከ ኢንዶኔዥያ የተዘረጋ ሲሆን ከመቶ በላይ ዝርያዎች አሉት። የሐለቡ ሙሉ ስም ግሊፕቶቶራክስ ኮኡስ ነው። ሁለተኛው ቃል፣ «ኮኡስ»፣ የወንዙ ስም በላቲን አጻጻፍ የተለወጠበት ነው።

«የተቀረጸ ደረት» መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በልጅነቱ ወንዝ የተሻገረ ሁሉ እንደሚያውቀው በሚወርድ ውሃ ውስጥ መቆም ቀላል አይደለም። እግር ድንጋዩን ካልቆነጠጠ ውሃው ይወስዳል። ታዲያ ይህ ክብደቱ የማይጠቀስ ዓሣ፣ እጅም ገመድም ሳይኖረው፣ ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ውሃ ውስጥ እንዴት ይቆማል? መልሱ በደረቱ ላይ ነው። በሁለቱ የጎን ክንፎቹ መካከል በትልም የተገመሰ የሚመስል የቆዳ ሽብሽብ አለ። ይህ ሽብሽብ በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ጥፍር ጠንካራ በሆኑ እጅግ ጥቃቅን እሾኮች የተሸፈነ ነው። ዓሣው ደረቱን ድንጋዩ ላይ ሲያሳርፍ ሽብሽቡና እሾኮቹ ድንጋዩን ይይዛሉ፤ ጎርፉም ከላዩ ያልፋል።

የቀረው አካሉም ከዚሁ ኑሮ ጋር የተስማማ ነው። ሆዱ ጠፍጣፋ ነው። ጭንቅላቱ ውሃውን እንዳያግድ ዝቅ ያለ ነው። የጎን ክንፎቹ እንደ ተዘረጋ መዳፍ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይከፈታሉ። አፉ ከፊት ሳይሆን ከታች ነው፤ ምግቡ ያለው በድንጋዩ ላይና በድንጋዩ ሥር ነውና። በአራት ጥንድ የተደረደሩት ስምንት ጢሞቹ ከጠጠር መካከል የውሃ ነፍሳትን ዕጭ እየዳሰሱ ይፈልጉለታል። ሱብሓነላህ! ለእያንዳንዱ ፍጡር ቅርጹን ሰጥቶ ከዚያም የአኗኗሩን መንገድ ያሳየው ጌታ ምንኛ ጥበበኛ ነው!

እዚህ ላይ አንዳንድ ወላጆች ከልጆቻቸው የሚቀርብላቸውን ጥያቄ እናንሣ። «ቅርፊት የሌለው ዓሣ ይበላል ወይ?» ይባላል። በአራቱም የአህለ ሱና መዝሀቦች ዘንድ ዓሣ የተባለ ሁሉ፣ ቅርፊት ኖረውም አልኖረውም፣ ሐላል ነው። ይሁንና በድንጋይ ሥር የሚሸሸገው ይህ ትንሽ ፍጡር የሚጠቅመን ከድስት ይልቅ በተፈኩር ነው።

ልብ እንበል፤ ይህ ዓሣ ብርቱ ነው፤ ብርታቱ ግን ከሦስት ነገሮች አይወጣም። ውሃው መውረድ አለበት፤ ውሃው ንጹሕ መሆን አለበት፤ ድንጋዩም በደለል ያልተቀበረ መሆን አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ያ ድንቅ ደረት ምንም አያደርግለትም። ጎርፍ ያልነቀለውን ፍጡር የውሃ መቆም ብቻ ያጠፋዋል።

ከዐይንታብ እስከ መትኽ

ወንዙ በዐረብኛ ቁወይቅ ይባላል። የሚነሣው ዛሬ ደቡብ ቱርክ በሆነውና ጥንት ዐይንታብ ይባል በነበረው በጋዚአንቴፕ አካባቢ ካለው ከፍተኛ ቦታ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ እየወረደ ድንበሩን ተሻግሮ ሶርያ ይገባል፤ ሐለብን ይሰነጥቃል፤ ከከተማይቱ በስተደቡብም መትኽ በሚባለው ረግረግ ውስጥ ይሰምጣል። ርዝመቱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከባሕር አይደርስም። እንደ አዋሽ ወንዛችን በምድር ውስጥ ተጀምሮ በምድር ውስጥ የሚያልቅ ነው።

ቁወይቅ ትልቅ ወንዝ ሆኖ አያውቅም። በክረምት ዝናብ ይሞላል፤ በበጋ ይቀጥናል። ያም ሆኖ ሐለብ ከተማ የሆነችው በእርሱ ነው። በዳርና በዳሩ የነበሩት የአትክልት ቦታዎች ከተማይቱን ይመግቡ ነበር። በአሥረኛው ክፍለ ዘመን በሰይፈ ደውላ ዘመን የነበረው ባለቅኔ ሰነውበሪ ስለ ሐለብ የአትክልት ቦታዎችና ስለዚሁ ወንዝ ደጋግሞ ገጥሟል። የአገሮችን ሁሉ ስም በፊደል ተራ የሰበሰበው ታላቁ ጸሐፊ ያቁት አል-ሐመዊም ቁወይቅን በመዝገቡ ውስጥ አስገብቶታል። ያቁት በ1229 ያረፈው በዚችው በሐለብ ነበር።

ዓሣን ያመለኩ ሰዎች

አሁን ወደ ኋላ፣ ከእስልምና ብዙ በፊት ወደነበረው ዘመን እንመለስ። ከነቢዩ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ልደት 401 ዓመት በፊት ዜኖፎን የተባለ ግሪካዊ ከጦር ሠራዊት ጋር በሰሜን ሶርያ ሲያልፍ ኻሎስ የሚባል ወንዝ ተሻገረ። ሊቃውንት ይህ ወንዝ ቁወይቅ ነው ይላሉ። ዜኖፎን በማስታወሻው እንደገለጸው ወንዙ ሠላሳ ሜትር ያህል ስፋት የነበረው ሲሆን፣ ትላልቅና ሰው የለመዱ ዓሦች ሞልተውበት ነበር። የአገሩ ሰዎች እነዚያን ዓሦች እንደ አማልክት ስለሚቆጥሯቸው ማንም እንዲነካቸው አይፈቅዱም ነበር።

እነዚያ ትላልቅ ዓሦች የእኛው ድንጋይ አቃፊ አይደሉም። ሆኖም ታሪኩ አንድ ነገር ያሳየናል። የዚያ ዘመን ሰው ውሃና ዓሣ ሕይወቱ መሆናቸውን ተረድቷል፤ ግን ፈጣሪን ትቶ ለፍጡር ሰገደ። ይህ ሺርክ ነው። እስልምና ሻም ሲገባ፣ በአቡ ዑበይዳና በኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ.) ዘመን፣ በ16 ዓመተ ሂጅራ፣ ሐለብ ለተውሒድ በሯን ከፈተች። በእስልምና ዓሣ አይመለክም። ታዲያ የማይመለክ ሁሉ እንደ ፈለግን የምናጠፋው ነው ማለት ነው? በፍጹም አይደለም። ፍጡርን ከአምላክነት ዙፋን ያወረደው ይኸው ዲን፣ ፍጡሩን አማና አድርጎ በእጃችን አስቀምጦታል። አማና ደግሞ ይጠየቁበታል።

እስከ ቁርጭምጭሚት

ስለ ውሃ ያለው የእስልምና ትምህርት በጥቅል ምክር ብቻ የቀረ አይደለም፤ በፍርድ የጸና ነው። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊሞች በሦስት ነገሮች፣ በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት፣ ተጋሪዎች መሆናቸውን አስተምረዋል። ከዚህም በላይ በመዲና በነበረ መህዙር በተባለ የጎርፍ ውሃ ጉዳይ የሰጡት ፍርድ በሐዲስ መጻሕፍት ተመዝግቦ ይገኛል። ከላይ ያለው ባለ እርሻ ውሃውን እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ ለቆ ከታች ላለው ያሳልፋል ብለው ፈረዱ።

ይህን ፍርድ ቆም ብለን እናስተንትነው። ከላይ ያለው ቀድሞ የማጠጣት መብት ተሰጥቶታል። ውሃው መጀመሪያ በእርሱ ደጅ ያልፋልና። ግን መብቱ ወሰን አለው፤ ወሰኑም ለማንም ግልጽ ነው፤ ሚዛን አያስፈልገውም፤ መሐንዲስ አያስፈልገውም። እግርን አስገብቶ ማየት ይበቃል። ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለው ውሃ የታችኛው ጎረቤት ሐቅ ነው። የሚገርመው ደግሞ ድንጋይ አቃፊው ዓሣና ወገኖቹ ከሚወዱት ቦታ አንዱ ይኸው ቁርጭምጭሚት የሚያጠልቅ፣ ቀጭንና ፈጣን ውሃ በጠጠር ላይ የሚሮጥበት ሥፍራ መሆኑ ነው።

ሐለብን የገዙ ሙስሊም መሪዎች ለውሃ ትልቅ ትኩረት ይሰጡ ነበር። ከከተማይቱ በስተሰሜን ከሚገኘው ከሐይላን ምንጮች ውሃ የሚያመጣ ጥንታዊ ቦይ ነበር። የሰላሁዲን አል-አዩቢ ልጅ የሆነውና ከ1186 እስከ 1216 ሐለብን ያስተዳደረው አል-መሊክ አዝ-ዟሂር ጋዚ ይህን ቦይ አሳድሶ ውሃውን በመሬት ውስጥ ለውስጥ በየሰፈሩ አከፋፈለው። ቀስጠል በሚባሉ የሰፈር ምንጮች ድሃውም ሀብታሙም ይቀዳ ነበር፤ ወደ መስጊዱም ወደ ሐማሙም ይደርስ ነበር። ለብዙዎቹ ማሠሪያና ማደሻ የሚሆን ወቅፍ ነበራቸው። ለተጠማ ውሃ ማጠጣት ከሰደቃዎች ሁሉ በላጭ ከሚባሉት አንዱ መሆኑን የተረዳ ሕዝብ ከተማውን እንዲህ ይሠራል።

ስሙ የተመዘገበበት ዘመን

በዑስማንያ ዘመን ሐለብ የምሥራቅና የምዕራብ ንግድ መገናኛ ነበረች። የእንግሊዝ ነጋዴዎችም መቀመጫ ነበራቸው። በ1740 አሌክሳንደር ራስል የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ለእነዚህ ነጋዴዎች ሐኪም ሆኖ መጣ፤ እስከ 1753 ድረስም በከተማይቱ ኖረ። የሐለብን ሰዎች ሲያክም፣ የአገሩን አየር፣ ዕፅዋት፣ እንስሳትና ዓሦች ሲመዘግብ ቆይቶ በ1756 ስለ ሐለብ የተፈጥሮ ታሪክ ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። ወንድሙ ፓትሪክም በ1794 አስፋፍቶ እንደገና አወጣው።

ራስል መጽሐፉን ካወጣ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1766፣ ፍጥረታትን በሁለት የላቲን ቃላት የመሰየም ሥርዓት ያስፋፋው ስዊድናዊው ሊኔዎስ የሐለቡን ዓሣ «ኮኡስ» ብሎ በመዝገቡ አሰፈረው። ትንሹ ቁወይቅ በዚህ መንገድ ስሙ በዓለም ሊቃውንት መዝገብ ገባ። ለዚህ ነገድ ሁሉ መጠሪያ የሆነው ግሊፕቶቶራክስ የሚለው ስም የወጣው በ1860 ሲሆን፣ ያወጣውም ብላይዝ የተባለ እንግሊዛዊ ነው።

ወንዙ ሲደርቅ

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲመጣ ቁወይቅ ለሁለት መንግሥታት ተከፈለ። ምንጩ በቱርክ፣ መጨረሻው በሶርያ ሆነ። ከድንበሩ በላይ ያሉት ገበሬዎችም ልጆቻቸውን ማብላት ነበረባቸውና ውሃው ለመስኖ ተጠለፈ። ከድንበሩ በታች ሐለብ እያደገች፣ ቤቱና ፋብሪካው እየበዛ ሄደ። ከላይ የሚመጣው ውሃ ሲያንስ ከከተማው የሚጨመረው ቆሻሻ በዛ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ቁወይቅ ፈጽሞ ደረቀ። በከተማው ውስጥ በሲሚንቶ ቦይ የታጠረው፣ በከፊልም የተሸፈነው የወንዙ አካል የፍሳሽ መሄጃ ሆነ። ከከተማው በታች ያሉ ገበሬዎችም አማራጭ ስለሌላቸው አትክልታቸውን በዚያው ፍሳሽ አጠጡ።

ሠላሳ ሜትር ስፋት ነበረው የተባለለት ወንዝ፣ ሰዎች ዓሦቹን ያመለኩበት ወንዝ፣ ባለቅኔ የገጠመለት ወንዝ እንዲህ ሆነ። በድንጋዩ ላይ ደረቱን አሳርፎ ጎርፍን ሲያሳልፍ የኖረ ፍጡር ምን ያድርግ? መያዝ ይችላል፤ የሚይዘውም ድንጋይ አለ። የሚወርድ ውሃ ግን የለም።

ከጦርነቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የሶርያ መንግሥት ከኤፍራጥስ ወንዝ ውሃ ስቦ በቁወይቅ አካል ውስጥ እንዲፈስ አደረገ። የሐለብ ሰዎች በከተማው መናፈሻ ውስጥ እንደገና የሚፈስ ውሃ በማየታቸው ተደሰቱ። መልካም ሥራ ነበር። ሆኖም በቧንቧ የመጣ ውሃና በሲሚንቶ የተለሰነ ቦይ ለከተማ ጌጥ እንጂ ለድንጋይ አቃፊ ዓሣ ቤት አይሆንም።

ፉራትና ወንድማማቾቹ

የምስራቹ የዚህ ዓሣ ወገኖች ፈጽመው አለመጥፋታቸው ነው። በኤፍራጥስና በጤግሮስ፣ ማለትም በፉራትና በዲጅላ፣ ከተራራ በሚወርዱ ገባር ጅረቶች ዛሬም ይኖራሉ። እንዲያውም ተመራማሪዎች የሁለቱን ወንዞች ግሊፕቶቶራክሶች እንደገና መርምረው በ2021 ከዚያ በፊት ያልታወቀ አዲስ ዝርያ ገልጸዋል። አላህ ስንት ፍጡር እንዳለው የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው።

በእነዚህም ወንዞች ላይ ግን የቁወይቅ ታሪክ በትልቁ ሲደገም እናያለን። በ1970ዎቹ ሶርያ በጠብቃ ታላቅ ግድብ ሠርታ ኤፍራጥስን ስትሞላ፣ ከታች ያለችው ኢራቅ ውሃዬ ቀረብኝ ብላ አማረረች፤ በ1975 ሁለቱ አገሮች ወደ ጦርነት ሊገቡ ምንም አልቀራቸውም ነበር። በጥር 1990 ደግሞ ቱርክ የአታቱርክን ግድብ ለመሙላት ወንዙን ለአንድ ወር ያህል ስትይዝ፣ በተራዋ ሶርያ ከኢራቅ ጋር ሆና አማረረች። በ2020 በጤግሮስ ላይ የተሠራው የኢሊሱ ግድብ ውሃ የጥንታዊቷን የሐሰንኬይፍን የድሮ ከተማ ዋጠ።

ለግድብ በደፈናው መጥፎ ነው የሚል ፍርድ አንሰጥም። ሕዝብ መብራት ይፈልጋል፤ እርሻም ውሃ ይፈልጋል። ግን ልብ እንበል፤ ሦስቱም አገሮች ብዙኃኑ ሙስሊም የሆኑ፣ ቂብላቸው አንድ የሆነ፣ የመህዙርን ፍርድ በመድረሳዎቻቸው የሚያስተምሩ ናቸው። ከታች በሆኑ ጊዜ ሐቃቸውን ይጠይቃሉ፤ ከላይ በሆኑ ጊዜ ቁርጭምጭሚቱን ይረሳሉ። ይህ የቱርክ ወይም የዐረብ ጠባይ አይደለም፤ የሰው ነፍስ ጠባይ ነው። በሁለት ጎረቤታሞች አጥርም ሆነ በአንድ ቤት ቧንቧ ላይ የምናየው ይህንኑ ነው።

በወንዙ ዳር የፈሰሰው ዕንባ

ወንዝ ሲዋረድ ሰውም እንደሚዋረድ ሐለብ አየች። ጦርነቱ በ2012 ወደ ከተማይቱ ሲገባ የቁወይቅ ዳርቻ በሁለት ወገኖች መካከል ተያዘ። በጥር 2013 መጨረሻ ቡስታኑል ቀስር በሚባለው ሰፈር እጃቸው ታስሮ የተገደሉ ከመቶ በላይ ሰዎች አስከሬን ከዚሁ ወንዝ ወጣ። እናቶች የልጆቻቸውን ፊት ለመለየት ወደ ወንዙ ዳር መጡ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ በ1090 የተሠራው የታላቁ መስጊድ ሚናራ ወደቀ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።

ውሃም የጦር መሣሪያ ሆነ። ከኤፍራጥስ ለሐለብ የመጠጥ ውሃ የሚልከው የኻፍሳ ጣቢያ በ2017 መጀመሪያ ላይ ለሳምንታት ሥራ በማቆሙ፣ ሕፃናት ሳይቀሩ ጄሪካን ይዘው በጉድጓድ ውሃ ፊት ተሰለፉ። ያ ሁሉ ቀስጠል፣ ያ ሁሉ ወቅፍ የነበራት ከተማ ማለት ነው። በየካቲት 2023 ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጡ ከጦርነት የተረፈውን አናወጠው። በታኅሣሥ 2024 የቀድሞው መንግሥት ከወደቀ ወዲህ ብዙ ስደተኞች ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። አላህ ሰላማቸውን ያጽናላቸው። አሚን።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ውድ አንባቢያን! ከሐለብ ተነሥተን አሁን አገራችን ገብተናል። ከላይ ቁወይቅን ከአዋሽ ጋር ያመሳሰልነው በአንድ ነገር ብቻ አልነበረም። አዋሽም ባሕር አይደርስም፤ በአፋር ምድር ወርዶ በጅቡቲ ድንበር አጠገብ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። የአዲስ አበባ ጅረቶችም፣ እነቀበናና እነባንተይቀጡ፣ ወደ አቃቂ ይገባሉ፤ አቃቂም ወደ አዋሽ። በእነዚህ ጅረቶች ላይ የፋብሪካ ዝቃጭ፣ የቤት ፍሳሽና ቆሻሻ ሲጣል በዓይናችን እናያለን። ከከተማው በታች በዚሁ ውሃ የሚለማ ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ ወደ ገበያችን፣ ወደ ማዕዳችን ይመጣል። ከዚያም በታች፣ ሩቅ በቆላው፣ ግመሉንና ፍየሉን በአዋሽ የሚያጠጣ፣ ከአዋሽ ቀድቶ ውዱእ የሚያደርግ የአፋር ወንድማችን አለ። እኛ በከፍታው ላይ ያለን ሰዎች የላይኛው ጎረቤት ነን። እርሱ የታችኛው ነው።

እንግዲህ የመህዙር ፍርድ የነገሥታት ብቻ አይደለም። በየቤታችን ይገባል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ውዱእ የሚያደርጉት በአንድ ሙድ፣ ማለትም ሁለት እፍኝ ተገጥሞ በሚሞላው ያህል ውሃ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። እኛ ቧንቧውን ከፍተን ክንዳችንን ስንጠቀልል ብቻ ስንት ሙድ ይፈሳል? ልጆቻችን ይህን ከእኛ ያያሉ፤ የሚማሩትም ያዩትን ነው።

ወላጆች ሆይ! በዕረፍት ቀን ልጆቻችሁን ከከተማ ወጣ ወዳለ ጅረት ውሰዷቸው። ከጠጠሩ ውስጥ አንድ ድንጋይ ቀስ ብለው አንሥተው ሥሩን እንዲያዩ ፍቀዱላቸው። ውሃው ንጹሕ ከሆነ ከድንጋዩ ጋር የተጣበቁ ትናንሽ ነፍሳትን ያገኛሉ፤ በምዕራብ ኢትዮጵያ በባሮ ገባሮች ከሆነ ደግሞ በአፉ ዙሪያ ባለው ከንፈር ድንጋይ ጨብጦ የሚኖር ሌላ ትንሽ ጢማም ዓሣ ሊያጋጥማቸው ይችላል። በሻም በደረቱ፣ በእኛ ዘንድ በአፉ፤ የፈጠራቸው አንድ ነው። ካዩ በኋላ ድንጋዩን በነበረበት እንዲመልሱት ንገሯቸው። ያ ድንጋይ የአንድ ፍጡር ጣራ ነውና።

ወጣቶችም ከዚህ ዓሣ የሚወስዱት ትምህርት አለ። በዚህ ዘመን ጎርፉ ብዙ ነው። ጨብጠው የሚቆሙበት ድንጋይ፣ ማለትም ኢማንና መልካም ጀመዓ፣ ያስፈልጋቸዋል። እኛ ታላላቆች ደግሞ ልጆቻችንን «ጠንክራችሁ ያዙ» ብለን ከመምከር ጋር ውሃውን እንዳናቆምባቸው፣ ዙሪያቸውንም እንዳናደፈርስባቸው መጠንቀቅ አለብን። ብርቱው ዓሣ የጠፋው መያዝ ስላቃተው አልነበረም።

ሱረቱል ሙልክን ማታ ማታ የምንቀራ ሰዎች መደምደሚያዋን እናስታውስ። አላህ (ሱ.ወ.) ውሃችን ወደ ምድር ውስጥ ሰርጎ ቢቀር የሚፈስ ውሃ ማን ሊያመጣልን እንደሚችል ይጠይቀናል። የሐለብ ሰዎች ይህን ጥያቄ በዓይናቸው አይተውታል። እኛ ወንዞቻችን ገና እየፈሰሱ ሳለ ተጠይቀናል። ከወንዝ ዳር ስንቆም ወደ እግራችን እንመልከት፤ ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለው የሌላ ነው።

ወላሁ አዕለም።